እጅ ያወቀውን አፍ ሲደብቅ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ለዛሬው ጁሙዓ አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ የደበቅነው ጉድለት ማንንም ሳይጎዳ ቢቀር፣ በደል ነው ወይስ አይደለም?

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከአንድ ጎሚስታ ደጃፍ ቁሙና የሞተር የኋላ ጎማ ሲቀየር ተመልከቱ። የኋላው ከፊተኛው ይከብዳል፤ ካቴናው እዚያ ነው። ዳዶው ይፈታል፣ ፍሬኑ ይላቀቃል፣ ካቴናው ይወርዳል፣ ዘንጉ ይመዘዛል። አዲስ መግዛት ያልቻለ ባለሞተር ያገለገለ ጎማ ይመርጣል። ጎማው ከውጭ ተወልውሎ ጥቁር ሆኗል። ጎሚስታው ግን እጁን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ክሩ የተበጠሰበትን ቦታ ጣቱ ያገኘዋል። ጎማው ቸርኬው ላይ ከገባና ከተነፋ በኋላ ያንን ቦታ የሚያይ የለም። የሚያውቀው አንድ እጅ ብቻ ነው።

አሁን ይናገር ወይስ ዝም ይበል?

«ጎማውን የቀደድኩት እኔ አይደለሁም» ሊል ይችላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ አስታውሱ። ነጋዴው ዝናብ ነው ያረጠበው አለ። እውነቱን ነበር፤ ዝናቡን እሱ አላዘነበውም። የተጠየቀው ግን እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ነው። ጉድለቱ የእኛ ሥራ ባይሆንም፣ የሸፈንነው ዕለት የእኛ ይሆናል።

«ምንም ካልደረሰስ?» ለሚለውም መልሱ እዚሁ አለ። ያንን እህል በልቶ የታመመ ሰው ስለመኖሩ በታሪኩ አልተነገረም። በደሉ የተፈጸመው እጅ ያወቀውን አፍ በደበቀበት ሰዓት ነው። ጎማው ዓመት ቢቆይም፣ ባለሞተሩ ሳይነገረው ገዝቷል፤ የመምረጥ መብቱ ተወስዶበታል።

ያገለገለ ጎማ መሸጥ ነውር አይደለም። ድሃ የሚገዛው እሱን ነው። ጎማ ላይ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩ አራት አኃዞች ይታተማሉ፤ 0819 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. ስምንተኛ ሳምንት ነው። «ይህ ቆይቷል፣ ርካሽ ነው፣ በቀስታ ንዳበት» ብሎ መሸጥ ይቻላል። ልዩነቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

ግን መናገርም የማይበቃበት ቦታ አለ። በብዙ ሞተሮች ላይ የኋላ ፍሬኑ ከጎማው ጋር እንዳይዞር የሚይዘው አንድ ብረት አለ። ቡሎኑ ተረስቶ ፍሬን ቢያዝ፣ ጎማው በድንገት ሊቆለፍ ይችላል። እዚህ «ነግሬዋለሁ» አይሠራም። ከኋላ የተቀመጠችው እህትና መንገድ የሚሻገረው ልጅ አልተጠየቁም፣ አልተስማሙምም። ነፍስ ያለበትን ነገር አስተካክሎ ማሰር እንጂ ማስጠንቀቅ አያድንም።

ባለሞተሩም ከጥያቄው ነፃ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ሞተር ያለ ፈቃድ አይነዳም፤ ስለዚህ እዚያ የቆመው ሞተር ብዙውን ጊዜ የሰው እንጀራ ነው፣ ባለቤቱም ይቸኩላል። ዋጋ አስወርዶ፣ «ቶሎ በል» እያለ፣ ጥንቃቄን በነፃ የሚጠብቅ ሰው ጎሚስታውን ወደ ዝምታው ይገፋዋል።

እውነት መናገር ገበያ ያሳጣል? አንዳንዴ አዎ። ደንበኛው ዝም ወዳለው ጎረቤት ሊሄድ ይችላል። አማና የሚባለውም ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው፤ የማያስከፍል ቢሆን ማንም ይጠብቀው ነበር።

እናንተስ? ኮድ የምትጽፉ፣ መድኃኒት የምታድሉ፣ ብሎኬት የምትደረድሩ፣ ሒሳብ የምትዘጉ፣ ሥራችሁ ሲያልቅ ከሰው ዓይን የሚሰወረው የትኛው ክፍል ነው? ዛሬ ከሶላት በኋላ እሱን አስቡት፤ ነገ ሥራ ስትገቡም ከእሱ ጀምሩ።

አላህ እጃችን ያወቀውን አፋችን የማይደብቅ ያድርገን። ኣሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።