ቃል ቆዳ ይመርጣል?

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ የከተማ ልጆች ወለል ላይ ተደፍተው መልአክ፣ ፀሐይና አደይ አበባ ይሥላሉ። ሥዕሉ በማለዳ ለየጎረቤቱ ይታደላል። ከደብተር በተገነጠለ ገጽ ላይ የተሣለ እንደሆነ ወረቀቱ ቀለሙን ጠጥቶ ይጨማደዳል፤ የመልአኩ ክንፍ በጀርባው በኩል ይወጣል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት እንኳ በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ እርጥብ ቀለም ችሎ ቀጥ ብሎ የሚቆም ካርድ ከ200 በላይ ይፈልጋል። መልካም ምኞቱ በስሱም ቢሆን ይደርሳል። ታዲያ ልጁ ለወፍራሙ ሳንቲም የሚያጠራቅመው ለምንድን ነው?

ከየጁቤ እስከ ሞጣ ባለው የምሥራቅ ጎጃም ምድር ይህ ጥያቄ ከወረቀት በፊትም ነበር። ከቢቸና በማይርቀው፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በተማሩበት ዲማ ጊዮርጊስ ቃሉ የሚጻፈው በፍየል ወይም በበግ ቆዳ ላይ ነበር። ቆዳው ውኃ ውስጥ ሰንብቶ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ሥጋው በካራ ይፋቃል፣ በድንጋይ ይታሻል፣ ጠጉሩ ይላጫል። ስቡ በደንብ ያልወጣለት ቆዳ ቀለም አይቀበልም። ከዚያ ቁም ጸሐፊው በወስፌ ቀለም አልባ መስመር አስምሮ የመቃ ብዕሩን ያነሣል።

ይህ ሁሉ ድካም ለቃሉ ምን ይጨምርለታል? ምንም። በ1513፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ሮም ላይ በወረቀት ታትሟል፤ ዛሬም በየአጥቢያው የታተመ መጽሐፍ ይጸለይበታል፣ ጸሎቱም ጸሎት ነው። ቆዳውን ራሱን ኃይል ያለው አድርጎ የሚያይ ልማድም አለ፦ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተቆርጦ የሚጻፈው ክታብ። ሊቃውንቱ ይህን ሲነቅፉ ኖረዋል፤ ደግም አድርገዋል።

ግን ምሥጢረ ሥጋዌን፣ ቃል ሥጋ መሆኑን፣ የሚያምን ሰው ቁሱን «ከንቱ» ብሎ መጣል አይችልም። አቤልም መሥዋዕቱን ከበጎቹ በኵራት መርጧል። እግዚአብሔር በግ ቸግሮት አይደለም፤ ምርጫው የአቤል ድርሻ ስለነበረ ነው። ብራና ፋቂውም፣ ሳንቲም አጠራቃሚው ልጅም የሚሰጡት ይህንኑ ድርሻቸውን ነው።

ብራና ከመሥዋዕቱ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። የኦሪት መሥዋዕት ነውር የሌለበት መሆን ነበረበት፤ ብራና ግን ነውሩን ይዞ ይገባል። ፍየሏ በሕይወት ሳለች እሾህ የወጋት፣ ወይም ሲገፈፍ ካራ የነካው ነጥብ ቆዳው ሲወጠር እየሰፋ ዓይን የሚያህል ቀዳዳ ይሆናል። አንዳንዱ በክር ይሰፋል፤ ስፌቱም በገጹ ላይ እንደ ጠባሳ ይታያል። ያልተሰፋውን ጸሐፊው አይጥለውም። መስመሩን ይዞ እስከ ቀዳዳው ጠርዝ ይደርሳል፣ ብዕሩን ያነሣል፣ ከወዲያ ማዶ የቀረውን ፊደል ይቀጥላል። አንባቢውም ቃሉን በቀዳዳው ላይ ተሻግሮ ያነባል፤ በመካከሉ የሚቀጥለው ገጽ ጽሑፍ ብቅ ብሎ ይታየዋል።