ያወቀ ሁሉ አልተከተለም

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ386 ዓ.ም. አውግስጢኖስ የ31 ዓመት ሰው ነበር። ተወልዶ ያደገው በሰሜን አፍሪካ፣ በዛሬዋ አልጄሪያ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በኢጣሊያ ሚላኖ ከተማ የንግግር ጥበብ ያስተምር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያህል ማኒ የተባለ ሰው የመሠረተውን ሃይማኖት ከተከተለ በኋላ የኤጲስ ቆጶሱን የአምብሮስን ስብከት ሰማ፤ የፈላስፎችን መጻሕፍትም መረመረ። ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ መልስ አገኙ። ክርስትና እውነት መሆኑን አእምሮው ተቀበለ።

ኑሮው ግን እንደ ነበረ ቀጠለ። ሹመትና ዝና ይማርኩት ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ የሥጋ ፈቃድ አሰረው። በወጣትነቱ ንጽሕናን ከእግዚአብሔር እየለመነ፣ ጸሎቱ ቶሎ እንዳይሰማ ይፈራ እንደነበር «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ጽፏል።

አንድ ቀን የአገሩ ልጅ የሆነ የቤተ መንግሥት ሹም ሊጠይቀው መጥቶ የግብፃዊውን የአባ እንጦንስን ታሪክ አጫወተው። እንጦንስ የፍልስፍና ትምህርት አልነበረውም። ጌታ ሀብታሙን ወጣት «ያለህን ሸጠህ ለድኆች ስጥ» ያለበት ወንጌል በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰማ፤ ቃሉን ለራሱ እንደ ተነገረ ቆጥሮ ሄዶ ፈጸመው። አውግስጢኖስ በኀፍረት ተቃጠለ። ያልተማሩት መንግሥተ ሰማያትን ሲወርሱ፣ እሱ ከነዕውቀቱ ቆሞ ቀርቷል!

ወደ አትክልቱ ስፍራ ወጥቶ አለቀሰ። አንሥቶ እንዲያነብ የሚል የልጅ ድምፅ ሰማ፤ የጳውሎስን መልእክት ገልጦ ሮሜ 13 ላይ ዐይኑ ዐረፈ። በዚያው የሥጋን ፈቃድ ትቶ ጌታን ለመከተል ወሰነ። በ387 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል አምብሮስ አጠመቀው።

ልብ እንበል፤ በዚያች ሰዓት አዲስ ማስረጃ አላገኘም። ያመነው ቀድሞ ነው፤ ራሱን የሰጠው ግን ያን ዕለት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ እንደሚያስተምረን እግዚአብሔር አንድ መሆኑን አጋንንትም ያምናሉ፤ ይሁን እንጂ አይታዘዙም። ዕውቀትም ቢሆን የተናቀ አይደለም፤ አውግስጢኖስ የሂፖ ጳጳስ ሆኖ በ430 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ሊቅነቱን ለቤተ ክርስቲያን አውሏል። ልቡ ሲገዛ ዕውቀቱም ተከትሎ ተገዛ።

ጸሎተ ሃይማኖትን በቃላችን የምንደግም ሁሉ ራሳችንን እንመርምር። እውነት መሆኑን እያወቅን «ነገ» የምንለው የትኛውን ትእዛዝ ነው? የበደለንን ይቅር ማለትን ነው? የሰው ገንዘብ መመለስን ነው? እምነታችን የሚለካው እዚያ ላይ ነውና፣ ዛሬውኑ እንፈጽመው።