«እግዚአብሔር ያውቃል» እና 60 በመቶ

አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ካናል ዊንቸስተር የምኖር የደባርቅ ልጅ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ብርዱ ከገባ ጀምሮ የአየሩን ነገር መከታተል የእኔ ሥራ ነው። ማንም በድምፅ ብልጫ አልመረጠኝም፤ የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራና መንገዱን ከሁሉ በፊት ስለማየው በዚያው ተሰጠኝ። የፓርኪንጉን ጨው አስገዛለሁ፤ ቅዳሜ ማታ «ነገ እንዴት ነው?» ተብሎ ሲደወል መልስ እሰጣለሁ።

ታዲያ «60 በመቶ በረዶ ይጥላል ይላሉ» ባልኩ ቁጥር አንድ አባት ፈገግ ብለው የሚሉኝ ነገር አለ። «ልጄ፣ ነገን የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው። በእሱ ሥራ ላይ ሒሳብ መሥራት ምን የሚሉት ነው?» እኔም «እውነት ነው አባቴ» ብዬ ወደ ጨዌ እሄዳለሁ። ጥያቄያቸው ግን የሚናቅ አይደለም። በመጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ እግዚአብሔር ለኢዮብ ካቀረበለት ከባድ ጥያቄ አንዱ የበረዶ ጎተራ ውስጥ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ነው። ኢዮብ መልስ አልነበረውም። እኛ ዛሬ በስልካችን ላይ ገና ያልጣለውን በረዶ በኢንች ስንቆጥር ያን ጎተራ ሰብረን ገብተን ይሆን?

መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የኮሎምበስና የአካባቢዋ ትንበያ የሚወጣው በዊልሚንግተን ከተማ ካለው የብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎት ቢሮ ነው። እዚያ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ፊኛ ወደ ሰማይ ይለቀቃል፤ ከሥሩ የተንጠለጠለችው ትንሽ መሣሪያ ሽቅብ እየወጣች ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ነፋሱን በሬዲዮ ትልካለች። ለበረዶ ዋናው ነገር ይኸው ነው። ታች መሬቱ ቢበርድም፣ ላይ ሞቅ ያለ የአየር ንጣፍ ካለ በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጥና አስፋልቱን ነክቶ መስተዋት የሚሆን ዝናብ ይሆናል። ንጣፉ ከሌለ ደግሞ አንድ ኢንች ውኃ በተለምዶ 10 ኢንች ያህል በረዶ ይወጣዋል፤ በረዶው እርጥብ ከሆነ 5፣ ደረቅና ብናኝ ከሆነ 20 ሊደርስ ይችላል። የአንድ ዲግሪ ልዩነት እሑድን በሙሉ ይቀይራል።

ይህን ሁሉ የለካ ሰው መጨረሻ ላይ «ይጥላል» አይልም፤ «60 በመቶ» ይላል። የሚለውም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለው አሜሪካዊ የሜትዮሮሎጂ ሊቅ በኮምፒውተሩ ላይ የጀመረውን ስሌት ሊደግም ሲል 0.506127 የሚለውን ቁጥር 0.506 ብሎ አስገባ። ልዩነቱ ከምንም የማይቆጠር ነበር፤ ስሌቱ ግን ጥቂት ቆይቶ ከቀድሞው ጋር የማይገናኝ ሌላ አየር አወጣ። በ1963 ያሳተመው ጥናት ያሳየው ሰማይን በዝርዝር ለመተንበይ ወሰን እንዳለ ነው፤ ዛሬ ባለሙያዎቹ ወሰኑን ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ያደርሱታል። የበረዶው ጎተራ አጥር አለው ማለት ነው፤ ያንን በቁጥር ያስረዳው ደግሞ ሳይንስ ራሱ ነው።

ታዲያ «60 በመቶ» ያለ ሰው ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል? በኦሪት ዘዳግም ነቢይ የሚፈተንበት ሕግ ተቀምጧል፤ በእግዚአብሔር ስም የተናገረው ካልተፈጸመ ቃሉ የራሱ ነው። አንድ ጊዜ ከወደቀ ወደቀ። የትንበያ ባለሙያ የሚመዘነው በሌላ ሚዛን ነው። 60 በመቶ ያለባቸውን ቀናት ሁሉ ሰብስበን ብንቆጥር፣ ከየአሥሩ በስድስቱ ጥሎ መገኘት አለበት። በአሥሩም ከጣለ ሰውየው ተሳስቷል፤ የሚያውቀውን አሳንሶ ተናግሯልና። በ1950 ግሌን ብራየር ለእንዲህ ያለ ትንበያ ማረሚያ ቀመር አወጣ፤ ያ ቀመር ከሁሉ አብልጦ የሚቀጣው በልበ ሙሉነት ተናግሮ የሳተውን ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ የሚገሥጸው ነጋዴ ነገ ወዲያ ከተማ ሄጄ እነግዳለሁ፣ አተርፋለሁ ብሎ የቆረጠውን ነው። ከመቶ 40ውን እጅ «አላውቅም» ብሎ የተወ ሰው በዚያ ተግሣጽ ውስጥ አይገባም። እንዲያውም «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለውን ከብዙዎቻችን በላይ በጥንቃቄ ያለው እሱ ይመስለኛል፤ የት ድረስ እንደሚያውቅና ከየት ጀምሮ እንደማያውቅ ለይቶ ነግሮናል።

ትንበያ ሲጀመርም ዓላማው ፈጣሪን መፎካከር አልነበረም። በ1859 «ሮያል ቻርተር» የተባለችው መርከብ በዌልስ ዳርቻ በማዕበል ተሰብራ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰው ሮበርት ፊትዝሮይ የማዕበል ማስጠንቀቂያ አቋቋመ፤ በ1861 የቀኑን ትንበያ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። ፊትዝሮይ አጥባቂ ክርስቲያን ነበር። የሚያወጣው ነገር ትንቢት አለመሆኑንም በጽሑፉ በግልጽ ተናግሯል። የፈለገው መርከበኛው ከወደብ እንዳይወጣ ብቻ ነበር።

በረዶን አሜሪካ መጥተን ያወቅን ለሚመስለን አንድ ነገር ልጨምር። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ተጓዥ አዱሊስ ላይ የገለበጠው ጥንታዊ የድንጋይ ጽሑፍ የስሜንን ተራሮች በበረዶ የተሸፈኑ ይላቸዋል። እኛ ደባርቅ ያደግነው ልጆች በረዶውን ራስ ደጀን ላይ ከሩቅ እንሰማው ነበር እንጂ፣ ደጃችን የሚደርሰው ውርጭ ነበር። አባቴ በኅዳር ማታ ራቱን በልቶ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል። ወደ ተራራው ያያል፤ ደመና እንደሌለ፣ ኮከቡ እንደበዛ ያያል። እጁን ዘርግቶ ነፋሱ መቆሙን ያረጋግጣል። ከዚያ ገብቶ «ዛሬ ውርጭ ይጥላል፤ ጥጆቹን አስገቡ» ይላል። ጥጆቹ ከገቡ፣ በሩ ከተቀረቀረ በኋላ እሳቱ ዳር ቁጭ እያለ «እንግዲህ እሱ ያውቃል» ይላል። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው ሌሊት ምድር ሙቀቷን ወደ ሰማይ እንደምትለቅ ያስተማረው የለም። ቅደም ተከተሉን ግን ያውቅ ነበር፤ ማየት፣ መናገር፣ መሥራት፣ ከዚያ ማመን።

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የተገለበጠው ይህ ቅደም ተከተል ነው። «እግዚአብሔር ያውቃል» ከፊት ይመጣና ማየቱንም መሥራቱንም ያስቀራል። በጃንዋሪ 2025 መጀመሪያ፣ በገና ዋዜማ መሆኑ ነው፣ ከካንሳስ እስከ አትላንቲክ ዳርቻ የተዘረጋ የበረዶ ማዕበል ኦሃዮንም መታ። ወሬው ቀናት ቀድሞ ደርሶናል። ስብሰባ ላይ አንዳንዱ «ይተውልናል» አለ፤ ሌላው «ሙሉ በሙሉ እንዝጋ» አለ። የእኔ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ለሌሊቱ ማሕሌት በሰው መኪና የሚመጡትን እናቶች ማን ይመልሳቸዋል? ኦሃዮ ውስጥ መንገዱን በሦስት ደረጃ የሚያውጀው የየካውንቲው ሸሪፍ ነው፤ ሦስተኛው ደረጃ ከታወጀ ከድንገተኛ ሠራተኛ በቀር መንዳት ያስቀጣል። ካናል ዊንቸስተር ደግሞ በፍራንክሊንና በፌርፊልድ ካውንቲ መካከል የተከፈለች ናት። እንግዲህ በአንዲት ከተማ ውስጥ ሁለት ሸሪፍ፣ ሁለት አዋጅ ሊኖር ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልጠየቀ ሰው እምነቱ በዛ አይባልም፤ የጎረቤቱን ድካም አላሰበም ነው የሚባለው።

ዮሴፍ ለፈርዖን ስለሚመጣው ሰባት ዓመት ረሃብ ሲነግረው የተገለጠለት ከእግዚአብሔር መሆኑን አልሸሸገም። ይሁን እንጂ ንግግሩን እዚያ ላይ አላቆመም፤ እህል ይከማች፣ ሰው ይሾም ብሎ ቀጠለ። ከፈጣሪ የተሰጠ ዕውቀት እንኳ ጎተራ ካልተሠራለት ለግብፅ አይጠቅምም ነበር። ከዊልሚንግተን ፊኛ የተገኘችው ጥቂት ዕውቀትማ ምን ያህል የበለጠ ሥራ ትፈልግ!

ስለዚህ ለእኚያ አባት መልሴ ይህ ነው፦ አባቴ፣ ነገን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ ለእኛ የተሰጠችን 60 በመቶ ግን አደራ ናትና እንጠየቅባታለን። ጥምቀትም ሁሌ የሚውለው በጃንዋሪ እምብርት ነው። እናንተም አንባቢዎቼ፣ ከተራ ሲቃረብ ትንበያውን እዩ፤ 30 በመቶም ቢል ጨው ግዙ፤ መኪና ለሌላቸው እናት ከዋዜማው ደውሉላቸው። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።