ስለ አንድ ዛፍ መድከም



በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጌታችን ስለ አንዲት በለስ በምሳሌ ያስተምረናል። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ ስላጣባት እንድትቆረጥ አዘዘ፤ አትክልተኛው ግን ዙሪያዋን ቆፍሮ ፍግ እስኪያደርግላት አንድ ዓመት እንዲታገሣት ለመነ። ፍሬ ለመስጠቷ ዋስ አልሆነም፤ ሊደክምላት ብቻ ፈቀደ።

ይህን ምሳሌ ስናሰላስል በአሜሪካ፥ በቴክሳስ ግዛት፥ በቢግ ቤንድ ብሔራዊ ፓርክ የተገኘ አንድ የኦክ ዛፍ እናስባለን። ኦክ በአገራችን ደን በተፈጥሮው አይበቅልም፤ ሆኖም አብርሃም ሦስቱን እንግዶች የተቀበለበት የመምሬ ዛፍ ኦክ እንደ ነበረ ብዙ ተርጓሚዎች ጽፈዋል።

የዚህ ዝርያ የሳይንስ ስም ኩዌርኩስ ታርዲፎሊያ ሲሆን፥ «ቅጠሉ የሚዘገይ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጨረሻው ዛፍ እንደ ሞተ ታምኖ፥ ዝርያው ከምድር ጠፋ ተብሎ ነበር። በ2022 ግን ተመራማሪዎች 9 ሜትር ያህል የሚረዝም አንድ ዛፍ ቆሞ አገኙ። ግንዱ እሳት የለበለበው፥ የፈንገስ በሽታም የጎዳው ነበር፤ አንድ ድርቅ ወይም አንድ ቃጠሎ ሊፈጽመው ይችል ነበር። የኦክ ፍሬም እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ደርቆ በጎተራ አይቆይም፤ ከደረቀ ይሞታል። ስለዚህ የፓርኩ ሠራተኞች በዙሪያው ያለውን የእሳት አደጋ ለመቀነስ፥ ተመራማሪዎቹም ፍሬውን ለመፈለግና ቅርንጫፉን በሌላ ኦክ ግንድ ላይ አጣብቀው ለማብቀል ተነሡ። እንደሚሳካላቸው ግን ዋስትና አልነበራቸውም።

እኛስ «አንድ ብቻ ከቀረ ምን ይጠቅማል?» ያልንበት ጊዜ ስንት ነው? ነፍስ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 በጻፉት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፥ አንድ ዝርያ በእኛ ምክንያት ሲጠፋ በሕልውናው ለፈጣሪ የሚሰጠው ክብር እንደሚቋረጥ፥ ይህን ለማድረግም መብት እንደሌለን አስተምረዋል። ያልፈጠርነውን «አይጠቅምም» ብለን ልንፈርድበት አንችልም።

ስለዚህ በየቁምስናችን በክረምት የተከልነውን ችግኝ በበጋ ውኃ አንንፈገው። ሌሎቹ ሁሉ ቀርተው አንድ ሕፃን ብቻ የመጣለት መምህርም ትምህርቱን አይጠፍ፤ ለዚያ ለአንዱ ያስተምር። መቆፈሩና ውኃ ማጠጣቱ የእኛ ድርሻ ነው፤ የሚያሳድግ ግን እግዚአብሔር ነው። እርሱ የአትክልተኛውን ትዕግሥት ለሁላችን ያድለን። አሜን።