«አልገባኝም» ማለት ሀያእን ይነካል?

ከሙጃ ተነስተህ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሻንጣ እያዘጋጀህ ያለኸው ወንድሜ፣ የዛሬው የጁምዓ ጨዋታችን ካንተ ጋር ነው። እህቴ፣ ጉዳዩ ያንቺም ነው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ መምህሩ ግን ብዙ ጊዜ በአማርኛ ያብራራልሃል። ግቢ ስትገባ ያ እየቀረ ይሄዳል። ጅማ ወይም ጅግጅጋ ከተመደብክ ደግሞ አጠገብህ የሚቀመጠው ልጅ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ሊሆን ይችላል። ያኔ የሚከብደው ሰዋስው ብቻ አይደለም። ሳይገባህ ራስህን መነቅነቅ ትጀምራለህ።

ብዙዎቻችን ይህን ዝምታ ሀያእ እንለዋለን። እኔ አይመስለኝም። ሀያእ ከመጥፎ ነገር ያግዳል፤ ከእውቀት የሚያግድህ ግን «ምን ይሉኛል» ነው፣ ኩራትም አለበት። ሳይገባህ «ገባኝ» ማለት ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ውሸት ናት። አዒሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነቻቸው ዓይናፋርነት ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው። ዘይድ ኢብን ሳቢት (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ የአይሁዶችን ጽሑፍ በግማሽ ወር ገደማ እንደተማረ ይዘገባል። (አንተን 15 ቀን አይበቃህም፤ አትደንግጥ።)

የወሎ ደረሳስ? እናቱን ተሰናብቶ ዳና ድረስ በእግሩ ሲሄድ ኪታቡ ዐረብኛ ነበር። ሸኹ በአማርኛ ይፈቱለታል፤ እሱም ያልገባውን እያስደገመ ይቀራል።

እና ከበሶው ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ያዝ፦ «ይቅርታ፣ አልገባኝም፤ ይድገሙልኝ» የሚለውን፣ በእንግሊዝኛ። ከአሁኑ ቤት ውስጥ ጮክ ብለህ ተለማመደው። እናትህ ትስቅብህ ይሆናል።