መጥኖ መደቆስ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ ስለ ነዳጅ ኩባንያ ቦንድ ስትጫወቱ ሰማሁ። ባንክ የሚሰጠው ወለድ ከቁጥር አይገባም፤ የነዳጁ ኩባንያ ግን ስምንትና ዘጠኝ በመቶ ይከፍላል፤ ነዳጅ ደግሞ ዓለም ነገ ጧት የሚተወው ነገር አይደለም፤ ታዲያ ምን ያስፈራል ትላላችሁ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በላባችሁ ያጠራቀማችሁትን የት እንደምታኖሩት ማሰባችሁም ደግ ነው። ብቻ «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይባል የለ? ሳሩ ዘጠኝ በመቶው ነው። ገደሉን ደግሞ ሳንቸኩል ቀረብ ብለን እንየው።

ኩባንያ ከሌላው አብልጦ ወለድ የሚሰጠው ስለሚወዳችሁ ሳይሆን በርካሽ የሚያበድረው ስላጣ ነው። ማበደር እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ከእናንተ በፊት መዝገቡን አገላብጠው «በዚህ ካልሆነ አልነካውም» ያሉት ዕዳ ነው እናንተ ዘንድ የደረሰው። አትግዙ አልላችሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና መዝገቡን እናንተም አገላብጡት እላለሁ።

የመጀመሪያው ሒሳብ ቀላል ነው። ኩባንያው ወለድና ግብር ከመክፈሉ በፊት በዓመት ያተረፈውን ትወስዱና ዓመታዊ ወለዱን ስንት ጊዜ እንደሚሸፍን ታያላችሁ። አራት ጊዜ ከሸፈነ ደህና ነው ይባላል። አንድ ጊዜ ተኩል ከሆነ ያሳስባል። ከአንድ በታች ከወረደ ኩባንያው ወለዱን የሚከፍለው ካጠራቀመው ቆንጥሮ ወይም እንደገና ተበድሮ ነው። ይሁንና ነዳጅ የሚያወጣ ሰው የሚሸጥበትን ዋጋ እሱ አይቆርጥም። ዋጋው ከሪያድ፣ ከሞስኮ፣ ከቤጂንግ ይመጣል። የተቆረጠው ወለዱ ብቻ ነው፤ ዋጋ ወጣ ወረደ ብሎ አይታገስም።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ኩባንያ በዓመት 10 ሚሊዮን በርሜል ያወጣል እንበል። በርሜሉን 80 ዶላር ይሸጣል። ለማውጣቱ፣ ለማጓጓዙ፣ ለሠራተኛውና ለቢሮው በበርሜል 30 ዶላር ይወጣል። ጉድጓዱን ለመቆፈር የፈሰሰው ገንዘብ ደግሞ በሚወጣው ዘይት ላይ ሲከፋፈል ለአንድ በርሜል 25 ዶላር ይደርሰዋል። የቀረው 25 ዶላር፣ በጠቅላላው 250 ሚሊዮን ዶላር ነው። ወለዱ 60 ሚሊዮን ከሆነ ከአራት ጊዜ በላይ ተሸፈነ፤ ቦንዱን የሚሸጥላችሁ ሰውም ይህን ገጽ ገልጦ ያሳያችኋል። አሁን ዋጋውን ወደ 60 ዶላር አውርዱት። ዋጋው የቀነሰው በሩብ ብቻ ነው። ትርፉ ግን በበርሜል 5 ዶላር፣ በጠቅላላው 50 ሚሊዮን ሆኖ ቁጭ ይላል። ወለዱ ያው 60 ሚሊዮን ነው። አራት ጊዜ የነበረው ሽፋን አንድ እንኳ አልሞላም።

ይኼኔ የኩባንያው ሰዎች «የለም፣ እንዲህ አይቆጠርም» ይሏችኋል። ያ 25 ዶላር ዘንድሮ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም፤ የጉድጓዱ እርጅና በመዝገብ የሰፈረ ቁጥር ነው፤ እሱን ትታችሁ ቁጠሩ ይላሉ። ይህን አቆጣጠር ኢቢትዳ ይሉታል። በእሱ ከሄዳችሁ በ60 ዶላርም ቢሆን 300 ሚሊዮን ይገኛል፤ ወለዱም አምስት ጊዜ ይሸፈናል። ዋጋው ወርዶ ሽፋኑ አማረ ማለት ነው!

አገር ቤት ያደጋችሁ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። ገበሬ እህሉን ከአውድማ ሲያስገባ ከሁሉ አስቀድሞ ዘሩን ለብቻው ያኖራል። ባለ አራጣ ደጁ ላይ ቆሞ እንኳ ዘሩን አይነካም። ዘሩን ከሚበላው ጋር ደባልቆ ሰፍሮ «ይኼን ያህል ኩንታል አለኝ፣ ዕዳዬ ምንም አይደል» የሚል ገበሬ ዘንድሮ ይከፍል ይሆናል፤ ለከርሞ ግን ማሳው ጦም ያድራል። ያ 25 ዶላር የነዳጅ ኩባንያ ዘር ነው። ጉድጓድ እያወጣ ይደክማል። በተለይ የአሜሪካው ሼል፣ ያ በውሃ ግፊት ድንጋይ ተሰንጥቆ የሚወጣው ዘይት፣ አንድ ጉድጓድ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሲጀምር ያወጣ ከነበረው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ምርቱ ባለበት እንዲቆይ ብቻ ሌላ ጉድጓድ፣ ከዚያም ሌላ መቆፈር አለበት። ከ300ው ሚሊዮን ላይ ለቁፋሮ 250 ሚሊዮን አንሱለት፤ 50 ቀረ። ወለዱ 60 ነበር።

ይህ ተረት እንዳይመስላችሁ ዴንቨር ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ፤ እዚያ ብዙ ወገን አለን። ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። ዋይቲንግ ፔትሮሊየም የሚባል ኩባንያ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ዴንቨር፣ ጉድጓዶቹ በዋናነት ሰሜን ዳኮታ፣ ባከን በሚሉት ምድር። በሐምሌ 2014፣ ዘይት ከ100 ዶላር በላይ በሚሸጥበት ወቅት፣ ኮዲያክ የሚባለውን ጎረቤቱን ለመግዛት ተስማማ። ዋጋው ከኮዲያክ ዕዳ ጋር 6 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ የተረከበው ዕዳ ብቻውን 2.2 ቢሊዮን። በዚያ ዋጋ ሒሳቡ ያምር ነበር። በኅዳር መጨረሻ የነዳጅ ላኪ አገሮቹ ማኅበር ኦፔክ ቪየና ላይ ተሰብስቦ ምርት አልቀንስም አለ። ግዢው በታኅሣሥ ሲፈጸም ዘይቱ ወደ 60ዎቹ ወርዶ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከ30 በታች ገባ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ዋይቲንግ ያኔ ምን አደረገ? ለቁፋሮ የያዘውን በጀት በሰማንያ በመቶ ቆርጦ፣ በሰሜን ዳኮታ አዲስ ጉድጓድ ማስጀመር አቆመ። ወለዱን ከፈለ፤ ቦንድ የያዘው ሁሉ እፎይ አለ። የተከፈለው ግን ከዘሩ ላይ ስለነበር ምርቱ ቀነሰ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚሉት ይኼን ነው፤ ዕዳ የሚመጠነው በ100 ዶላር ዘመን ነበር።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በመጋቢት 2020 ወረርሽኙ ዓለምን ዘጋው፤ ሳዑዲና ሩሲያም በምርት ተጣሉ፤ ዘይት ወደ 20 ዶላር ወረደ። ሚያዝያ 1 ቀን ዋይቲንግ 262 ሚሊዮን ዶላር ዋና ዕዳ የሚመልስበት ቀን ነበር። በእጁ ከ585 ሚሊዮን በላይ ጥሬ ገንዘብ እንዳለው ራሱ ተናግሯል። በዚያው ቀን ግን አልከፈለም፤ ፍርድ ቤት ሄዶ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ለምን? ቢከፍል በእጁ ካለው ግማሽ ያህሉ በአንድ ቀን ይሄዳል፤ ከኋላ ደግሞ የ2021 እና የ2023 ዕዳ ይጠብቁታል። ለሥራ አስኪያጆቹ ግን ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ 14.6 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ጸድቆ ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ዴንቨርም የሚታወቅ ይመስላል።

ስለዚህ «ገንዘብ አለው» እና «ይከፍላል» አንድ አይደሉም። አገራችንም ብትሆን በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል የቀረችው አበዳሪዎቼን ሁሉ እኩል ላስተናግድ ብላ ነው፤ አበዳሪው ግን ያየው ያልገባውን ገንዘብ ብቻ ነው። ወለዱን ብቻ አይታችሁ የዋናውን ዕዳ ቀን መቁጠሪያ አትርሱ። የቱ ዕዳ በየትኛው ዓመት እንደሚደርስ በዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ በሠንጠረዥ ተቀምጦ ይገኛል። ሁለትና ሦስት ትልልቅ ዕዳ በተከታታይ ዓመት ተደርድሮ ካያችሁ፣ በሩቁ ያለ ቢሆን እንኳ፣ ዛሬ እንደደረሰ ቁጠሩት።

ሌላም ዓይነት ኩባንያ አለ። ኦክሲደንታል በ2019 አናዳርኮ የተባለውን የነዳጅ ኩባንያ ከተፎካካሪው ከሼቭሮን ነጥቆ ገዛ፤ በ38 ቢሊዮን ዶላር፣ የአናዳርኮ ዕዳ ሳይቆጠር። ለዚሁ ሲል ከባለሀብቱ ከዋረን ባፌት 10 ቢሊዮን ዶላር በ8 በመቶ ተቀበለ፤ በዓመት 800 ሚሊዮን ማለት ነው። ዓመት ሳይሞላ ያ መጋቢት ደረሰ። ኩባንያው ለባለአክሲዮኖች በየሩብ ዓመቱ 79 ሳንቲም ያካፍል የነበረውን መጀመሪያ ወደ 11፣ ቆይቶ ወደ 1 ሳንቲም አወረደው። ለባፌትም በሚያዝያ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ የራሱን አክሲዮን ሰጠው። ባለአክሲዮኑ አለቀሰ፤ የቦንዱ ወለድ ግን ተከፈለ። ከመሞት መሰንበት ብሎ በዚያው ክረምት ከ8 እስከ 8.875 በመቶ እየከፈለ አዲስ ተበድሮ ቅርብ የነበረውን ዕዳ ወደ ሩቅ ገፋው። በ2022 ዘይት ከ100 ዶላር ሲያልፍ ከ10 ቢሊዮን በላይ ዕዳ መለሰ።

እኔ እንደማየው ይህን ኩባንያ ያዳነው ግማሹ ጨክኖ መቁረጡ፣ ግማሹ ዕድል ነው። ዕድሉን በሒሳብ ውስጥ አታስገቡ፤ የሚቆረጥ ነገር መኖሩን ግን አስገቡ። ለባለአክሲዮን የሚከፋፈለው ትርፍ ለእናንተ ለአበዳሪዎቹ መከታ ነው፤ ችግር ሲመጣ ከወለዱ በፊት የሚነካው እሱ ነውና። ይሁንና ሥራ አስኪያጁ ያን ለመቁረጥ ልብ አለው ወይ? ኤክሶንሞቢልን የመሰለ ኩባንያ እንኳ ዋጋ ወርዶ ሳለ ለባለአክሲዮን መክፈሉን ባለማቋረጡና ዕዳው በማበጡ፣ ለአሥርት ዓመታት ይዞት የኖረውን ከሁሉ የላቀ የብድር ደረጃ በሚያዝያ 2016 ደረጃ መዳቢው ኤስ ኤንድ ፒ ዝቅ አደረገበት። ያ ኩባንያ ስለ ወለዱ የሚያሰጋው ነገር አልነበረም። ከእሱ ያነሰው ግን በዚያው መንገድ ሲሄድ ገደል ነው።

«ከመሬት በታች ስንት ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ክምችት አለው» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ክምችት የሚባለው ትርፍ እያመጣ ሊወጣ የሚችለው ዘይት ነው፤ ዋጋ ሲወርድ ዘይቱ እዚያው መሬት ውስጥ እያለ ክምችቱ ከመዝገብ ይቀንሳል። ባንኮቹ ደግሞ ለትንንሾቹ ኩባንያዎች የሚያበድሩት በዚያ ክምችት ልክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ፣ በጸደይና በበልግ ወቅት እንደገና ይመዝኑታል። እናም ኩባንያው ገንዘብ አጥብቆ በሚፈልግበት ወር ባንኩ እጁን ይሰበስባል። የመጪውን ዓመት ምርት በተቆረጠ ዋጋ አስቀድሞ የተዋዋለ ኩባንያ በዚህ ይሻላል፤ ውሉ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ከሁለት ዓመት አያልፍም፣ ቦንዱ ሰባትና ስምንት ዓመት ይሄዳል።

እንግዲህ ቦንዱን ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀት ያዙና አንድ ቁጥር ፈልጉ፦ ዘሩ ለብቻው ተቀምጦ፣ ወለዱ ተከፍሎ፣ ምንም የማይተርፍበት የበርሜል ዋጋ ስንት ነው? በምሳሌያችን 61 ዶላር ነው። ከዚያም ከዛሬ አሥር ዓመት ጀምሮ ያለውን የዘይት ዋጋ አውጡና ስንት ጊዜ ከዚያ በታች እንደወረደ ተመልከቱ። ሚያዝያ 20 ቀን 2020 የአሜሪካው ዘይት የቅርብ ወር ውል ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ተዘግቷል፤ ሻጩ ለገዢው ከፍሎ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቀን ማንም አይችለውም፣ ሒሳባችሁም በእሱ አይሠራ። ዋጋው 45 እና 50 ላይ ዓመት ሁለት ዓመት የተቀመጠበትን ጊዜ ግን ኩባንያው መቻል አለበት።

ዋይቲንግ በመስከረም 2020 ከፍርድ ቤት ሲወጣ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳው ተሰርዞለት ነበር። አበዳሪዎቹ በዕዳቸው ፈንታ ከአዲሱ አክሲዮን 97 በመቶውን ወሰዱ፤ ለነባሮቹ ባለአክሲዮኖች 3 በመቶ ቀረላቸው። በ2022 ከሌላ ኩባንያ ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ቾርድ ኢነርጂ ሆነ፤ የባከን ዘይትም ያለማቋረጥ ይወጣል። በዓመት 6.625 በመቶ ሊቀበል ቦንዱን የገዛ ሰው፣ ሳይፈልግ የነዳጅ ኩባንያ ባለድርሻ ሆኖ ተገኘ። አቅም ያለው ይዞት ቆየ። የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ በዚያ ወለድ ሊከፍል ያሰበው ግን በዚያው በ2020 በተገኘው ዋጋ ሸጠው።