መሥራትን ስለ ማቆምና የሠሩትን ስለ መተው

የሰው እጅ ሥራ ሁሉ አላፊ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን አንድ ዕቃ ጥቅሙ ሳያልቅ መሠራቱ ቢቀር፥ የሠሪው ግዴታ አብሮ ይቀራልን?

በአውስትራሊያ አንዲት የገበሬ ሚስት፥ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ፥ ሰኞ አሣማ ለገበያ የሚጭን አንድ መኪና እንዲሠራላቸው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1932 ዓ. ም. ለፎርድ ኩባንያ መጻፏ ይነገራል። ሊው ባንት የተባለው ወጣት መሐንዲስ በ1934 ፊቱ የቤት መኪና፥ ኋላው የጭነት የሆነውን «ዩት» የተባለ ፒክአፕ አወጣ። የዚሁ ዘር የሆነው ፋልከን ዩት ግን በ2016 ተቋረጠ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት በዚያ አገር መኪና መሥራቱን ፈጽሞ ተወ።

ገዢው ዩትን እያመሰገነ ወደ ሌላ ዓይነት መኪና ስላዘነበለ፥ ወቀሳውን ሁሉ በሠሪው ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ በኪሳራ እንዲሠራ ማንንም ማስገደድ አይቻልምና። ሆኖም ዕቃን መሸጥ ቃል መግባት ነው ብለን እናምናለን። ገበሬው ገንዘቡን የሚያወጣው መለዋወጫ አገኛለሁ ብሎ ነው፤ ሠራተኛውም ጕልበቱን የሚያፈሰው ልጆቼን አሳድግበታለሁ ብሎ ነው። ስለዚህ መሥራትን ማቆም የባለቤቱ መብት ሲሆን፥ ለገዢው መለዋወጫ፥ ለሠራተኛው መቋቋሚያ ሳያስቀሩ መሄድ ግን በደል ነው።

ይህም ፍርድ በፋብሪካ ብቻ አይወሰንም፤ የጀመረውን ሥራ ለሚያቋርጥ ሹምም ሆነ መምህር ያገለግላል። ሥራውን መቀጠል ያልቻለ፥ ያመኑትን ሰዎች በሚገባ ማሰናበት ይወቅ።